እናቴ ሁለት እጇን ያነሳችለት ሰው

ናዝሬት ውስጥ እሑድ ከሰዓት ማለት ሲኒማ ማለት ነበር። ታላቅ ወንድሜ እጄን ይዞ ይወስደኛል፤ የሕንድ ፊልም ነው፣ ቋንቋውን ማን ይሰማል! አክተሩ ሕግ የማይገዛው፣ ፖሊሱንም ሽፍታውንም እኩል የሚቀጠቅጥ፣ ድሃ ሲያይ ግን እንባው የሚቀድመው ከሆነ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። እኔም ሴት ልጅ ነኝ ብዬ አልቆጠብም፤ ወንበር ላይ ወጥቼ አጨበጭባለሁ። አክተር አይሞትም፣ አክተር አይሳሳትም ብለን እናምን ነበር።

ሰፈራችንም የራሷ አክተር ነበራት። ጋሪ ነጂ ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሲጠጣ የሚያስፈራ። አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርቷን ሸጣ ከገበያ ስትመለስ ሌባ መቀነቷን በጥሶ ሮጠ። ጋሪ ነጂው ፈረሱን ገርፎ ከነጋሪው ተከተለው፣ አስፋልቱ ዳር ደረሰበት፣ መቀነቱን ቀምቶ የሌባውን ክንድ ሰበረው። ሌባው እየጮኸ እኛ እልልታችንን አቀለጥነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ፊልሙ ከሸራው ወርዶ ደጃችን መጣ!

ሳይውል ሳያድር ቀበሌው አብዮት ጠባቂ ምረጡ ብሎ ሰበሰበን። የጋሪ ነጂው ስም ሲጠራ እናቴ ሁለት እጇን አነሳች።

«እትዬ፣ የሚቆጠረው አንድ ነው» አላት ሰብሳቢው።

«ለእሱ ሁለትም ያንሰዋል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ብቻ ተነስተው፣ «ዛሬ ያለ ዳኛ የሰበረ፣ ነገ ጠመንጃ ስትጨምሩለት ማንን ይጠይቃል?» አሉ።

«አባባ፣ ይቀመጡ!» ብለን ጮህንባቸው።

እውነትም ሌባ ጠፋ። ቀጥሎ ጋሪ ነጂው ጠጅ ቤቱ ውስጥ በነፃ ይጠጣ ጀመር፤ ያጉረመረመውን በጥፊ ይላል። እኛ ግን «ይሁን፣ ሌባ ከሚጫወትብን» እያልን አለፍነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኛ ነበር።

አንድ እሑድ አክተሩ ብቻውን የጠላቶቹን ግቢ ሰብሮ ሲገባ የአዳራሹ መብራት በራ። ፊልሙ የተበጠሰ መስሎን አፏጨን። አፈሳ ነበር፤ ለጦር ሜዳ ወጣት ሊያፍሱ መጥተዋል። በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ጋሪ ነጂው መሆኑን ሳይ በደስታ ዘለልኩ። የእኛ ሰው!

«ወንድሜ ነው እኮ! ታውቀው የለም?» አልኩት።

«እንዴት አላውቀውም!» አለኝና ወንድሜን በክንዱ ይዞ ሰልፉ ውስጥ ከተተው።

ጫማዬን ጥዬ ቤት በረርኩ። እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች፤ ታፋሾቹን የጫነው ኦራል መኪና ሞተሩን አስነስቷል።

«አንተ! የመረጥኩህ እኔ አይደለሁም?»

«ሁለት እጅዎን አንስተው ነው የመረጡኝ፣ እትዬ። ታዲያ ለእርስዎ ልጅ ባዳላ ሕዝቡ ምን ይለኛል?» ምንም አልተቆጣም፤ በአክብሮት ነበር የሚያናግራት። መኪናው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ትቀመጣለች። እጅ ሲወጣ ጎረቤቶቿ በፍርሃት በክርናቸው ይነኳታል፤ አታነሳም። ስለ እሷ እፈራ ነበር፣ ደግሞም እኮራባት ነበር።

ክረምቶች አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት መንደሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ፦ ወንድሜ እያነከሰ ከመናኸሪያ መጣ! ሮጥኩ፣ ወደቅሁ፣ ተነስቼ ሮጥኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ እልልታው የጋሪ ፈረሶችን አስደነበረ። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ጋሪ ነጂውም ሰዉን እየገፋ መጣ፤ ጠመንጃው እንደ ድሮው ትከሻው ላይ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ!» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ። ሁላችንም እናቴን አየን።

«እጅ የለኝም» አለችው፣ ከወንድሜ አንገት ላይ ሳትላቀቅ።