የሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት

ጀላልን አንቄ ልገድለው ያማረኝ ቀን ብዙ ነው። ጦር ኃይሎች ሰፈር አንዲት ክፍል ለሁለት ተካፍለን መሥራት ከጀመርን አሥራ ሁለት ዓመታችን፤ እኔ በበሩ በኩል ለሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፣ እሱ በውስጥ በኩል የተበላሸ ኮምፒውተር ያስታምማል። እኔ በላይነሽ አፌ ይቀድማል፤ ተናግሬ ሳበቃ ነው የማስበው። እሱ ደግሞ ሲጠሩት «አቤት» ለማለት እንኳ ከራሱ ጋር የሚማከር ፍጡር ነው።

ተወልዶ ያደገው እዚሁ ኮልፌ ነው። አባቱ አጠና ተራ እንጨት ሲሸጡ፣ እሱ ሰው የጣለውን ሬዲዮ እየሰበሰበ ሲፈታና ሲገጥም አደገ። ኮሌጅ ገብቶ ባመቱ አቋረጠ፤ የቀረውን የተማረው ከተበላሸ ዕቃ ነው። ሚስቱ አልፊያ «እኔን ሲያመኝ ለዕቃ እንደሚደነግጠው ቢደነግጥ ምናለበት» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ለሷም ይደነግጣል።

ከጠረጴዛው በላይ «መጀመሪያ ኮፒ» የሚል ካርቶን ለጥፎ ነበር። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ሽማግሌ መምህር የአሥር ዓመት ጽሑፋቸው ያለበትን ዲስክ አመጡለት። ሳይገለብጥ ልጠግን ብሎ ገብቶ ባዶ አስቀረው። ሰውየው ቢሰድቡት ይሻለው ነበር፤ «አይዞህ ልጄ» ብለውት ዲስካቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ካርቶኑ የተለጠፈው በማግስቱ ነው።

ነገሩን አንዴ አስረድቶኛል። «ዲስክ መጋዘን ነው እትዬ። ፋይል ሲስተም የሚባለው ደግሞ ምኑ የት እንደተቀመጠ የሚናገረው መዝገብ ነው። መብራት ድንገት ድርግም ሲል መዝገቡ ይቀደዳል። መፈተሽ ማየት ብቻ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። መጠገን ግን መዝገቡን እንደገና መጻፍ ነው፤ ቦታ ያጣለትን ዕቃ አውጥቶ ይጥላል። ስለዚህ ዲስኩን ገልብጠሽ፣ ዋናውን አስቀምጠሽ፣ ኮፒው ላይ ነው የምትሠሪው።»

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ዲስክ ይዛ ገባች። ካሳነሽ ትባላለች፤ ዓለም ባንክ ሰፈር ጉልት ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጇ ቀዳማዊ ከታሰረ አሥራ አንድ ቀኑ። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አስኮ ላይ በሞተር ሆነህ የሴት ቦርሳ ነጥቀሃል ነው የሚሉት። ልጁ ደግሞ በዚያ ሰዓት ዓለም ባንክ ማርቆስ ፀጉር ቤት ስቆረጥ ነበር ይላል።

ማርቆስ ካሜራ አለው። ካሜራው የሚቀዳበት አሮጌ ኮምፒውተር ግን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ አልነሣም ብሏል። ማርቆስ ዲስኩን ፈትቶ ሰጣት።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ነን» አለች። «ማስረጃ ካልቀረበ ፖሊስ ሌላ አሥራ አራት ቀን ይጠይቅበታል። ልጄ አስም አለበት። ትናንት ስንቅ ሳቀብለው ድምፁ ተዘግቷል።»

ጀላል ዲስኩን ሰክቶ ፈተሸው። ስህተቱ በስክሪኑ ላይ እንደ ጎርፍ ወረደ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«እናቴ፣ ዲስኩ ራሱም ደክሟል። ኮፒ ላድርገው፣ ነገ ጠዋት ይድረስልዎት።»

«ነገ?» አለችና እግሩ ላይ ወደቀች።

እኔ ይሄን ማየት አልችልም። «አንተ ሰው! ልብ ነው ወይስ ድንጋይ ነው ያለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። «ልጁ እስር ቤት ታፍኖ ሲሞት ኮፒህን ለተዝካር ታደርሳለህ?» ይሄም አልበቃኝ፤ ተንጠራርቼ ካርቶኑን ገንጥዬ ወረወርኩት።

ጀላል ካርቶኑን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ሁለት ሴቶች እያለቀስን እምቢ ለማለት ይሉኝታው አልፈቀደለትም። ቢስሚላህ ብሎ ጥገናውን ዋናው ዲስክ ላይ ለቀቀው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ካሳነሽ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆማ ጠበቀች፤ ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም። ሲያበቃ ፋይሎቹ ብቅ አሉ፤ ሁሉም አይደሉም፣ ግን ሐሙስ አለ። የየሰዓቱ ለየብቻ ተቀምጧል። እልል ልል አፌን ስከፍት ጀላል በእጁ ዝም አሰኘኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት በፈረንጅ አሥራ አምስት ነው» አለና አሥራ አምስት የሚለውን ወደ ፍላሽ ገለበጠው። ከፈተው።

ጨለማ። ባዶ ወንበር፣ የተዘጋ በር፣ በመስኮቱ በኩል የመኪና መብራት ሽው ብሎ ያልፋል።

«ማርቆስ በዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል እንዴ?» አለች ካሳነሽ።

ጀላል ግንባሩን መታ። «ወይኔ! ማርቆስ የካሜራውን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ነው የሞላው! የግድግዳ ሰዓቱን አይቶ ነው የሞላው! ዘጠኝ ማለት እዚህ ዘጠኝ ራሱ ነው!» ወደ ፍላሽ ሳይገለብጥ ከዲስኩ ላይ ዘጠኝ የሚለውን ከፈተ።

ልጁ ነበር። አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮለት፣ ራሱ ግማሹ ተላጭቶ፣ በመስታወት ከማርቆስ ጋር ይሳሳቃል። ካሳነሽ «ልጄ!» ብላ ስክሪኑን ነካችው። እኔ እንዴት እንደታሰበኝ አላውቅም፣ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ወዲያው ምስሉ ቆመ። ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ዝም።

ጀላል ነቅሎ ሰካ። ሌላ ገመድ ሞከረ። ሌላ ኮምፒውተር ሞከረ። መጨረሻ ላይ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ኮፒ ቢኖር የሰዓቱ ስህተት ስቀንበት የምናልፈው ነገር ነበር። አሁን በእጃችን ያለው የጨለማ ቪዲዮና የኔ ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶው ጥግ ላይ 09:04 ይላል።

«ደብዳቤ ጻፊልኝ» አለኝ። ጻፍኩ። እንደ ልማዴ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ዲስኩ በመበላሸቱ» አልኩ። ከኋላዬ ቆሞ አነበበና «አጥፊው» አለ። «ከአቅም በላይ አልነበረም። የሥራ ደንቤን ጥሼ ኮፒ ሳላደርግ በመጀመሬ ማስረጃው በእጄ ጠፍቷል ብለሽ ጻፊ።»

«ስምህን ልታጠፋ ነው?»

«ጻፊ እትዬ።»

የኔን ጩኸት ያነሣል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሣም። እንባዬ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ ጨረስኩት። ፍላሹ ላይ ፎቶውን ስንጭን የጨለማውን ቪዲዮ እንዲያጠፋው ነገርኩት፤ «ጨለማ ለዳኛ ምን ይሠራል?»

«ያገኘሁትን ሁሉ ነው የማስረክበው። መራጭ አይደለሁም» አለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሦስታችንም ችሎት ነበርን። ቀዳማዊ በሁለት ፖሊስ መሐል ቆሞ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ራሱ ጥርት ብሎ የተላጨ ነው። ዳኛዋ ደብዳቤውን አነበበች፣ ፎቶውን አየች። የፖሊስ መርማሪው ወዲያው እጁን አወጣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ፎቶው 09:04 ነው የሚለው። ይህ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠዋት ፀጉሩን ተቆርጦ ከሰዓት አስኮ ሊገኝ ይችላል።»

ጀላል የሰዓቱን ነገር ለማስረዳት ሞከረ። «ማርቆስ ሰዓቱን በኛ ነው የሞላው» ሲል ዳኛዋ «በምን ታረጋግጣለህ?» አለችው። ካሳነሽ ጨርቄን ጨምድዳ ያዘችኝ። በዚህ ልጅ ላይ አሥራ አራት ቀን የፈረድኩት እኔ ነኝ።

ዳኛዋ ፍላሹን አገላበጠች። «ሌላ ምን አለበት?»

«ጨለማ» አለ ጀላል። ይዞት የመጣውን ላፕቶፕ አዙሮ ከፈተላት።

ባዶ ወንበር፣ የተዘጋ በር፣ የመኪና መብራት ሽው። ጥጉ ላይ ሐሙስ፣ 15:00። ዳኛዋ ጎንበስ ብላ ደግማ አየች። ቀና ስትል ወደ መርማሪው ነው።

«በእርስዎ አቆጣጠር ይሄ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው ማለት ነው?»

መርማሪው አየ። ዳኛዋ ቀጠለች።

«ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ጨልሞ ነበር?»

የካሜራው አሥራ አምስት ማታ ከሆነ፣ ዘጠኙ ከቀኑ ዘጠኝ መሆኑ ነው፤ ፖሊስ የጠየቀውን ጊዜ ቀጠሮ ከለከለች፤ በዋስ ይለቀቅ አለች። ጉዳዩ አልተዘጋም፣ ማርቆስም ይጠራል። ካሳነሽ ግን ይሄን ሁሉ አልሰማችም፤ የልጇን ደረት በመዳፏ እያሻሸች ነበር።

ታክሲ ውስጥ ጀላልን «ይቅር በለኝ» አልኩት። «በዕድል ነው የተረፈው እትዬ፣ በእኔ አይደለም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ምን ልበለው።

በማግስቱ ቀድሜው ገብቼ «መጀመሪያ ኮፒ» የሚለውን በትልልቅ ፊደል ተይቤ፣ አትሜ ለጠፍኩት። አራት ሰዓት ላይ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ዲስክ ይዞ እየሮጠ መጣ። ጀላል «ነገ ይመለሱ» ሲለው ሰውየው ወደኔ ዞረ። «እናቴ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩልኝ፣ አሁን ካልደረሰልኝ ጉድ ፈላ!»

ጀላል አንገቱን ደፍቶ የኔን አፍ ይጠብቃል።

«ነገ ተብለዋል እኮ!» አልኩት። «መስማት ተሳነዎት?»