የሰፋችው ማስረጃ

መርፌ ያሏት ለቅጥነቷ ነው እንጂ ለምላሷ አይደለም፤ ከአፏ ቃል አይወጣም። በምትሠራበት የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ግን በእጅ ሙያ የሚወዳደራት የለም። እሷ የጠገነችውን ቀዳዳ የልብሱ ባለቤት ራሱ ፈልጎ አያገኘውም።

ባሏ ሲናደድ አንገትጌዋን ይዞ ይጎትታታል፣ ይመታታል። «ይህን የሰው አገር የገባሽው በእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ጥለሽኝ ብትወጪ በማግስቱ ያባርሩሻል» ይላታል። አምስት ዓመት ሙሉ አመነችው። አንድ ቀን የሱቁ ባለቤት፣ እትዬ የምትላቸው ሴትዮ፣ ክንዷ በልዞ አዩና እጇን ይዘው ነፃ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥ ቢሮ ወሰዷት።

«ውሸቱን ነው!» አለች ጠበቃዋ። «ሕጉ መውጫ አለው። እሱ ሳይሰማ በራስሽ ስም ለመኖሪያ ፈቃድ ታመለክቻለሽ። ማስረጃ ግን እንፈልጋለን።»

መርፌ በዚያው ሳምንት የሴቶች መጠለያ ገባች። እሰይ! ማስረጃው ግን ከየት ይምጣ? ሐኪም ቤት አልሄደች፣ ፖሊስ አልጠራች። ያላት እሱ የቀደዳቸው ሦስት ቀሚሶች ብቻ ናቸው። አምጪ ስትባል አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ አመጣቻቸው።

ጠበቃዋ አገላብጣ አየች። «የቱ ጋ ነው የተቀደደው?»

«ሰፋሁት እኮ!» አለች መርፌ አፍራ። «የተቀደደ ልብስ ይዤ እንዴት ሰው ፊት ልቅረብ?»

ጠበቃዋ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት።

«እስቲ ወዲህ በይው» አሉ አብረዋት የመጡት እትዬ መነጽራቸውን እያጠለቁ። ቀሚሱን ገልብጠው መስኮቱ ጋ ዘረጉት። «ሌላውን ታታልል፤ እኔን? ያስተማርኳት እኔ! በመቀስ ቢሆን ክሩ እኩል ይቆረጥ ነበር። ይሄ በእጅ የተዘነጠለ ነው። ሦስቱም አንገትጌው ላይ! ሚስማር ይዞት ነው እንዳይባል፣ ሚስማር ሦስቴ አንገት ያንቃል?»

«ይህን በጽሑፍ ይመሰክራሉ?»

«በጽሑፍ ብቻ? ቀሚሱን ገልብጬ አሳያቸዋለሁ!»

አሳዩም። የማመልከቻው መርማሪዎች ያን ቀን ስለ ስፌት ሳይወዱ በግድ ብዙ ተማሩ።

ከአራት ወር በኋላ ጠበቃዋ ወደ ሱቁ ደወለች። ፈቃዱ ወጥቷል፣ በመርፌ በራሷ ስም።

«እሱ አይሆንም ቢልስ?» አለች መርፌ።

«ማን ጠይቆት?»

ከመርፌ ጉሮሮ እንግዳ ድምፅ ወጣ። እትዬ ያመማት መስሏቸው ውሃ ይዘው ሮጡ። ምን ያድርጉ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስትስቅ ሰምተዋት አያውቁም።