ጀርም ቀላቢዋ

አክስቴን ሰፈሩ «በረኪና» ይላታል። ዕድሜዋን የፈጀችው የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ነው። ቤቷ የገባ ሰው መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። እኔን የእህቷን ልጅ እንኳ ጉንጬን ሳትጠርግ ስማኝ አታውቅም።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ጓሮዋ ያለው የውሃ ጉድጓድ በብረት ክዳን ታሸገ። ባሏ በገዛ እጁ የቆፈረው ነው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ መጽናኛዋ ያ ውሃ ነበር። ከሰፈሩ በላይ ካለው፣ ሥራ ካቆመው የማዕድን ማውጫ ዩራኒየም ከመሬት በታች ከውሃው ጋር እየተጓዘ ደርሶበታል ተባለ። ካልጸዳ ሰፈሩ ይነሳል።

«እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አለች።

የማጽዳቱን ሥራ የያዘችው ኬሚስት ጉድጓዱ ዙሪያ ወደ መሬት የተተከሉትን ቧንቧዎች የሚከታተል ሰው ስትፈልግ፣ ማንም ሳይቀድማት አክስቴ ተገኘች። ሥራው ምን እንደሆነ ሲነገራት ግን ጮኸች።

«ምን? ጀርም ልቀልብ?»

«አዎ፣ እትዬ። አፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የአቼቶ ዘመድ የሆነ ፈሳሽ በቧንቧ ይወርድላቸዋል። እሱን ሲበሉ፣ እኛ በአየር እንደምንተነፍሰው እነሱ በዩራኒየሙ ይተነፍሳሉ። ያኔ ውሃው ውስጥ የሟሟው ጠጣር ሆኖ ድንጋዩ ላይ ይቀራል።»

«ይጠፋል ማለት ነው?»

«አይጠፋም። ባለበት ይቀመጣል እንጂ ከውሃው ጋር አይሄድም።»

አክስቴ ለባሏ ጉድጓድ ስትል የዕድሜ ልክ ጠላቶቿን ትቀልብ ጀመር። የውሃው ምርመራም ወር በወር እየተሻሻለ ሄደ። ግን አመል ያወጣል ከመሃል። አንድ ቀን የቧንቧው አፍ ላይ ዝልግልግ ነገር አየች። ጀርሞቹ በርክተው ነው፤ እሷ የታያት ግን ቆሻሻ ነው። ከቤቷ በረኪና አምጥታ ፈትጋ አጠበችው፤ የተረፈውንም ወደ ታች ለቀቀችው።

ቀጣዩ ምርመራ ዩራኒየሙ ወደ ውሃው መመለሱን አሳየ። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ኬሚስቷ ምክንያቱ ጠፍቷት ስትጨነቅ አክስቴ ራሷ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«እኔ ነኝ የፈጀኋቸው» አለች። «በበረኪና።»

አለቀሰች። ለጀርም ያለቀሰ ሰው ከእሷ በቀር አላየሁም። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ቤቷን ሳስብ ግን እኔም እንባዬ ቀደመኝ።

ኬሚስቷ ግን፣ «ከታች የተረፉ አይጠፉም። ከቀለቧቸው መልሰው ይበረክታሉ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በረኪናው ከጓሮ በር አልፎ አያውቅም። «ልጆቼ ሳይበሉ እህል በአፌ አይዞርም» እያለች በጠዋት ስትወጣ፣ አዲስ የገባ ጎረቤት የስንት ልጆች እናት እንደሆነች እኔን ጠየቀኝ። ቁጥራቸውን ፈጣሪ ይወቀው አልኩት።

ውሃው ጸድቷል ተብሎ ክዳኑ የተነሳ ዕለት መጀመሪያ የቀዳችው እሷ ናት። ጠጣች፤ ፊቷን አበሰች። «ውሃህ መጣ» አለችው ባሏን፣ አጠገቧ የቆመ ያህል። ከዚያ ወደ ኬሚስቷ ዞረች።

«እነሱስ? ሥራችሁን ጨርሳችኋል ተብለው ሊሰናበቱ ነው?»

«አይ፣ እትዬ። ገና ይቀለባሉ። ጡረታ የላቸውም።»

አክስቴ ኩባያውን ሳታጥበው ክዳኑ ላይ አስቀመጠችና የቀለባቸውን ጀሪካን አነሳች።

«በሉ እንግዲያው፣ ረፍዶባቸዋል» ብላ ወደ ቧንቧዎቹ ሄደች።