የሁለት ሰው ድርጎ

መልእክተኛውን መዝገቡን ያደለበው ድርጎ ነው ብል አልዋሸሁም። ከደብረ ታቦር የንጉሥ መልእክት ይዞ ሲወጣ ስንቅ አይቋጥርም፤ በደረሰበት አገር ሁሉ እንጀራውን፣ ጠላውንና የበቅሎውን ገብስ የምናቀርበው እኛ ባላገሮቹ ነን። ሆዱን ይንፋውና፣ የደኻ ጎተራ አይቶ ማዘን አያውቅም!

ወደ አገራችን ወደ ገሳይ የመጣ ዕለት ድርጎ የማቅረቡ ተራ የጎረቤቴ የላቀች ሆነ። አንካሳውን ባሏን ሙላቴን ቀብረን፣ አርባው ነገ ነው። ያላትን እህል አሟጣ ለተዝካሩ ዳቦ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃለች።

«ጌታዬ፣ ይኸ የሟች ነው። አንቱም ነገ ሟች ነዎት፤ ይተዉልኝ» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ሙት ምን ይበላል? ድርጎዬን አምጪ!»

አቀረበች። በላ፤ የተረፈውንም በስልቻ ጫነ። ተዝካሩ ቀረ። ላቀች አላለቀሰችም። «እንግዲህ ሙላቴ፣ ድርሻህን ከሱ ተቀበል» አለች።

የቀረውን የይፋግ ነጋዴዎች ነገሩን። መዝገቡ ብቻውን ይፋግ ሲገባ የሁለት ሰው ድርጎ ቀረበለት። «ከበቅሎዎ ኋላ እያነከሰ የሚከተለው ሰውዬስ አይቀመጥም?» አሉት። ዘወር ቢል ማንም የለም። «እሰይ! ለአንድ አፍ የሁለት!» ብሎ ሁለቱንም ጠረገ፤ ግን አልጠገበም። በሚቀጥለው አገር ከሱ አስቀድመው ከጎኑ ላለው ባዶ ቦታ አቀረቡ። እብናት ሲደርስ የቀረበው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከፊቱ አልተቀመጠም። ቢጮህም ቀና ብሎ ያየው የለም።

ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ፤ የበላውን ተዝካር ሊመልስ ከራሱ ጎተራ ጤፍ ጭኖ ወደኛ ተነሣ።

በጠራራ ፀሐይ ጎመን ስቀነጥስ በቅሎዋ መጣች። በርኖሱ የመዝገቡ ነው፤ ከበቅሎዋ የወረደው ግን፣ በስመ አብ! ሙላቴ ነው። እያነከሰ ጤፉን አወረደ። ላቀች አልሸሸችም፤ ጤፉን ተቀብላ ተዝካሩን ደገሰች።

ካህኑ ሙላቴን ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ ቢያዩ መስቀላቸውን ጨበጥ አደረጉ። «የማንን ነፍስ ይማር እንበል?» አሉ።

«የመዝገቡን» አለች ላቀች።

ወዲያው ከአጥሩ ውጭ፣ «ድርጎዬን! ኧረ ስለ እመብርሃን፣ ድርጎዬን!» የሚል ድምፅ ሁላችን ሰማን። ያን ያህል ጠልቼው እንኳ ቁራሽ ይዤ ብድግ አልኩ። ላቀች ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ተቀመጪ» አለችኝ። «ሙት ምን ይበላል?»