ሊቁ የሠራው ቼዝ ተጫዋች

ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል፤ ለማክበር እንዳይመስላችሁ። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ በሥራው ማንም አያማውም። ጣጣው ያለው እቤት ነው። እሑድ እሑድ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ታክሲ ነጂው፣ ይመጣና በቼዝ አሸንፎት ይሄዳል። ሊቁ መሸነፉን አምኖ አያውቅም፤ ወይ ራሱን አሞታል፣ ወይ ወንበሩ አልተመቸውም።

በመጨረሻ «ለሱ እኔ አላስፈልግም፣ የምሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይቀጣዋል» ብሎ የኋላውን ክፍል ይዞ ቁጭ አለ። ክፍሉን ሚስቱ ለስፌት መኪናዋ ትፈልገዋለች፤ ኮሪደር ላይ ተጣጥፋ ስትሰፋ ትከሻዋ ሊገነጠል ነው። ተነጋገሩ። ፕሮግራሙ ወንድሟን ካሸነፈ ክፍሉ የሱ፣ ካላሸነፈ የሷ።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ሣለ። ቀጥሎ ደንቡን ጻፈ፤ ፈረሱ ከሰሌዳው ወጥቶ ጠፋ፣ ንጉሡም የገዛ ወታደሮቹን በላ። እነዚህን አረመ፤ እውነት ለመናገር እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። ለየጠጠሩ ዋጋ ሰጠ፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ከመጫወቱ በፊት የባላጋራውን መልስ ቀድሞ እንዲያሰላ አደረገው። ያን ቀን ራሱ ሊሞክረው ሲጫወት ፕሮግራሙ ንግሥቱን እንዲያው በነጻ አቀረበለት። ሊቁ ሳቀና በላት። ወዲያው ፕሮግራሙ ቼክሜት አደረገው።

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። የሊቁ ፊት ግን ጠቆረ። ሊፍት ያላዘዙት ፎቅ ላይ ከቆመ ተበላሽቷል፤ የሱ ዕውቀት ይቺው ናት። «እኔ የሠራሁት ዕቃ እኔን? በምን አቅሙ?» አለና ስህተት ፍለጋ ገባ። ንግሥት መስጠት ከለከለው። አሁንም ሊቁ ተሸነፈ፤ አርቆ ማስላቱን አሳጠረበት። እንዲህ እያለ፣ የገዛ ሽንፈቱን ሁሉ የፕሮግራሙ ብልሽት እያደረገ፣ ራሱ በቀላሉ እስኪያሸንፈው ድረስ ጠገነው። «አሁን ተስተካከለ» አለ፤ ዓይን አውጣ።

እሑድ ታክሲ ነጂው ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ የፕሮግራሙን ድምጥማጥ አጠፋው።

«ጋሼ፣ አጫወቱ እኮ ቁርጥ ያንተ ነው» አለ። ሊሰድበው ፈልጎ አልነበረም።

ሚስትየው በሩ ላይ ቆማለች። «የፊተኛው የታለ?» አለች። «ያ አንተን ያሸነፈህ፣ እዚሁ ሆኜ አይቼዋለሁ። እሱን አውጣውና ይጫወት፤ ክፍልህን አትጣ።»

እንዲህ ያለችው አዝናለት ነው። የፊተኛው ፕሮግራም ቅጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ መክፈት ብቻ ነው የሚቀረው። ከከፈተው ግን ታክሲ ነጂው ፊት የገዛ ዕቃው እንደገረፈው ማመን ሊኖርበት ነው። ሊቁ ደግሞ ይህን ከሚያምን ሞቶ ይገኛል።

«እኔን ያሸነፈኝ የለም» አለና ተነሣ። ኮሪደሩ ጋ ሄዶ የስፌት መኪናዋን ባንድ ጎን ያዘና ታክሲ ነጂውን ዞሮ አየው።

«ምን ትገተራለህ፤ ና ያዝልኝ እንጂ።»