አጥር ላይ የቀረው ነጭ ቀለም

የባለቤቴ እግር እንዳይቆረጥ ያስፈለገን አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ዛሬም አልስቅም።

በደርግ ዘመን የምንኖረው ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ባለቤቴ የስኳር በሽታ ነበረበት። ግራ እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልሽር አለ፤ ሐኪሙም በየሳምንቱ ሐኪም ቤት እየሄደ ቁስሉን ካላሳጠበ እግሩ እንደሚቆረጥ ነገረን። ያንን ዳገት ወርዶ አውቶቡስ ውስጥ መጋፋት የሚችል ሰው አልነበረም። ያለችን አንዲት አሮጌ ቮልስ ናት። እሱ ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው እኔ መንዳት ተማርኩና አመላልሰው ጀመር።

ቮልሷ ስትገዛ ነጭ ነበረች። በኋላ አንዱን በሯን ዝገት ሲበላው ከሌላ መኪና የተፈታ ሰማያዊ በር ገጠምንላት። የፊቷ ቆርቆሮም በየቦታው ስቱኮ ተለጥፎበት ግራጫ ሆኗል። ለዓመታዊው ምርመራ ስወስዳት መርማሪው አንድ ጊዜ ዞራትና ሊብሬዋን መለሰልኝ።

«ሊብሬው ነጭ ይላል። ይቺ ምን ቀለም ናት?»

«ነጭ ናት። በሩ ብቻ ነው ሰማያዊ።»

«አንድ ወጥ አድርገሽ አምጫት።»

ፍሬኗን አላየም፤ መብራቷንም አላስበራኝም። ቦሎ ካልተለጠፈላት የቤንዚን ኩፖን አይሰጠንም፤ ያለ ቤንዚን ደግሞ ሐኪም ቤት የለም።

ጋራዥ ለማስገባት አቅም አልነበረንም። ታክሲ የሚቀባ አንድ ሰው፣ ቀለሙን ከገዛሁና አሮጌውን ፍቄ ከጠበቅሁት፣ እሁድ መርጫውን ይዞ መጥቶ በቅናሽ ሊቀባልኝ ተስማማ። የመኪና ቀለም ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም። ጉትቻዬን ሸጬ፣ ጋራዡን ከዘጋ ሰው ላይ አንድ ጣሳ ነጭ ገዛሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ዝናቡ ባባራ ቁጥር በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ እፈትጋታለሁ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ያዝዘኛል።

«ከበሩ ሥር አልነካሽውም።»

«ነክቼዋለሁ።»

«ቮልሷ አልነካችኝም ነው የምትለው።»

ቅዳሜ ዕለት ቮልሷ ራቁቷን ቆመች፤ ብረቷ ወጥቶ፣ ቀለሙን ብቻ ስትጠብቅ።

የዚያኑ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ቤቱ ከእኛ በታች ነው። የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ ጊዜ ሚስቱን ሐኪም ቤት ያደረሳት ባለቤቴ ነው፣ በዚህችው ቮልስ። ያን ጊዜ «እትዬ» ይለኝ ነበር፤ እርስዎ ብሎ። ከተመረጠ ወዲህ ግን «ጓድ» ሆኛለሁ፤ እርስዎም ቀርቷል።

«ጓድ፣ ለአብዮቱ በዓል በዚህ መንገድ እንግዳ ያልፋል። አጥርሽ ዝጓል።»

«ኖራ እቀባዋለሁ።»

ዓይኑ መስኮቱ ሥር ያስቀመጥኩት ጣሳ ላይ አረፈ። «ይሄስ?»

«የመኪና ቀለም ነው።»

«ቀለም ቀለም ነው። መኪናው የግል ነው፤ መንገዱ ግን የሕዝብ ነው።»

ባለቤቴ ከበረንዳው፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ ሕዝብ ነኝ። ለዚህ እግር ብለህ ተወው» አለው። ከሁለቱ አንደኛው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ጣሳውን አስነሥቶ ሄደ።

በነጋታው ቀቢው መርጫውን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ፣ የቀበሌው ሰዎች በቤት መጥረጊያ በመሰለ ብሩሽ የቮልሷን ቀለም ቆርቆሮ አጥራችን ላይ ይለቀልቁ ነበር። ሰውየው ቆሞ አየና ተመለሰ። የተረፈው የሊቀመንበሩን አጥርና የግቢ በር አዳረሰ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ባለቤቴ፣ «በይ እንግዲህ፣ አጥሩን ወስደሽ ቦሎ አስለጥፊለት» አለኝ። እሱ እንደዚያ ነበር።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ሸክማቸውን አጥራችን ላይ አስደግፈው ትንፋሽ ይሰበስቡ ነበር። እሱም ተከለከለ፤ ቀለሙ ይፋቃል ተባለ። ሴቶቹ አጥሩን በሩቁ እያዩ፣ እንደ ጎበጡ ያልፉ ጀመር።

በዓሉ አለፈ። እንግዳ ይለፍ አይለፍ አላየሁም። ቮልሷን ዝናብ መታትና ከላይ እስከ ታች ዛገች። ያለ ቦሎ ብነዳት ትራፊክ ይይዘኛል ብዬ፣ ባለቤቴን ጎረቤት ደግፎልኝ አውቶቡስ ፌርማታ ለማድረስ ሞክሬ፣ ከግማሽ መንገድ መለስኩት። የቁስሉ ሽታ ተለወጠ።

ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ነው፤ ነጠላውን እንኳ በወጉ አልለበሰም።

«እትዬ፣ እናቴ ራሷን ስታለች። እባክዎ መኪናውን።»

እትዬ ሆንኩ፤ እርስዎም ተመለሰ።

«መኪናችን ያለችው እናንተ አጥር ላይ ነው» አልኩት።

ባለቤቴ ከውስጥ፣ «ተነሺ፣ ንጂ። እሳቸው ምን አደረጉ?» አለ። ቆይቶም፣ «እኔንም ጫኑኝ፤ መንገድ ነው» አለ።

ታንከሯ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን እንደምንም አደረሰችን። አስፋልቱ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ቦሎው የነበረበትን ቦታ አየ፤ ሊቀመንበሩ መታወቂያውን በመስኮት አሳየው። ፖሊሱ ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

እናቱ ዳኑ። የባለቤቴም እግር ተረፈ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ተቆረጡ። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለ ሐኪሙ፣ እኔን እያየ። ሊቀመንበሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቷል።

በሳምንቱ የቀበሌው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ቮልሷን ለምርመራ ስመልሳት ያው መርማሪ ደብዳቤውን አነበበና ከወንበሩ ሳይነሣ ቦሎውን ሰጠኝ። በሩ ሰማያዊ እንደሆነ ነው፣ ሌላው ዝገት ነው፣ ሊብሬው አሁንም ነጭ ይላል። ያን ዕለት ነው ይበልጥ የተናደድኩት። ለካ ቀለሙ ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው የሊቀመንበሩ እናት መታመም ነበር።

ጎረቤቶቼ፣ «ሄደሽ አመስግኚው እንጂ፤ ውለታ እኮ ነው» አሉኝ። አልሄድኩም።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ከፍቼ ቆምኩ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሲወርዱ፣ «አስደግፉና እረፉ» አልኳቸው። ከፊት ያለችው የሊቀመንበሩን ቤት አየች።

«ቀለሙ ይፋቃል ብለውን ነው፣ እመቤቴ።»

«ቀለሙ የእኔ ነው» አልኳት።

ሸክሟን አጥሩ ላይ አሳረፈች። ቅርንጫፉ ነጩን ቀለም ከላይ እስከ ታች ሲቧጥጠው ይሰማ ነበር። ሌሎቹም ተከተሏት።