ራሱ ጠይቆ ራሱ መላሽ

ፕላዝማ የሚሉትን ነገር ዛሬም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ቆቦ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት ትምህርቱን የሚሰጠው እኔ ሳልሆን በሳተላይት የሚመጣ፣ ክፍሉ ፊት ለፊት የተሰቀለ ቴሌቪዥን ነበር። የእኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነው። መምህር የምሆነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር።

የአዳዲስ ቃላት ክፍለ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አንድ ከባድ ቃል ትጽፍና ፍቺውን ታነባለች። ከዚያ «በዚህ ቃል ስለ ራሳችሁ አንድ ነገር ተናገሩ» ብላ ጸጥ ትላለች። ክፍል ሙሉ ተማሪ አፉን ዘግቶ ያያታል። ጊዜው ሲያልቅ «ጎበዞች! በጣም ጥሩ!» ትልና መልሱን ራሷ ትናገራለች፤ እነሱም ይገለብጣሉ። ምኑን ጎበዙ? አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም! ያ ሙገሳ ወጥ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ያስጠላኝ ነበር። አንድ ቀን ድምፁን ቀንሼ ልጆቹን ማናገር ስጀምር ተቆጣጣሪ ደረሰብኝና «ፕላዝማው ሲናገር አንተ አትናገር» ብሎ ገሠጸኝ።

ከሮቢት የምትመጣ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። መዝገበ ቃላት ትሸመድዳለች፤ ፍቺ በመናገር የሚደርስባት አልነበረም። አንድ የገበያ ቀን አባቷ ትምህርት ቤት ይዘዋት መጡ። ሽርጥ ያገለደሙ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ ግመል አርቢ ናቸው።

«መምህር፣ አክስቷ ሳዑዲ ልውሰዳት ብላ ወጥራ ይዛኛለች» አሉኝ። «ልጅቱ ደሞ ትምርቴን ልጨርስ ትላለች። ከገባት ወላሂ አልነካትም፤ ካልገባት ግን ምን ሊረባት? እስቲ ያንን ቋንቋ አናግራትና ልስማው።»

ደስ አለኝ። ይቺን ልጅ ማን ሊረታት! ባዕድ ነገር ጠይቄ እንዳላስጨንቃት ብዬ፣ ግመሎቻችሁን ጎሊና ወንዝ ወርዶ የሚያጠጣቸው ማን ነው አልኳት፣ በእንግሊዝኛ።

ዝም አለች። አልገባትም እንዳልል ጥያቄው እንደገባት ከዓይኗ ያስታውቃል። እጇን አጣምራ አፍ አፌን ታየኛለች። ደገምኩላት።

«መልሽለት እንጂ!» አሉ አባቷ።

«ቲቸር ይነግሩናል እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ በአማርኛ።

ሰውነቴን ቀፈፈኝ። ስለ ገዛ ቤቷ፣ ስለ ገዛ ግመሏ መልሱን ከእኔ ትጠብቃለች! ጥያቄ ሲመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ መልሱ ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ፤ በስንት ዓመት ያስተማርናት ይህንን ነው።

«በይ ነይ» አሉ አባቷ። «ዝም ማለቱንማ እቤትሽም ትችይዋለሽ።»

«ኧረ ይታገሱኝ አባባ፣ ታውቀዋለች!» ብል ማን ሊሰማኝ። «አብሽር መምህር፣ ባንተ አልፈርድም» ብለው ባጃጅ ሊያስቆሙ ቀድመው ወጡ።

እሷ እግሯን እየጎተተች ተከተለቻቸው። የግቢው በር ላይ ስትደርስ ግን ድንገት ወደ እኔ ዞረች።

«የማጠጣቸው እኔ ነኝ ቲቸር። ጠዋት ጠዋት። አንዷ ተናካሽ ናት፤ ከእኔ በቀር ማንንም አታስጠጋም።»

ይህን ሁሉ ያለችው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዲት ስህተት አልነበረችበትም። አባቷ ባጃጁ ውስጥ ገብተው ስሟን እየጠሩ ነበር።